የጨረታ ሳጥኑን ኮምፒዩተር ሲከፍተው

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ብሂል የማይነካት ሚኒስትር እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 በአልባኒያ ተሹማለች። ደመወዝ የላትም፤ ቤት አትሠራም፤ የምትጦረው ዘመድ የላትም። እጅ መንሻ ቢመጣላትም የምትቀበልበት እጅ የላትም። ስሟ ዲየላ ሲሆን ትርጉሙም በአልባንያ ቋንቋ ፀሐይ ማለት ነው። ዲየላ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ናት።

ጠቅላይ ሚኒስትር ኤዲ ራማ ለአራተኛ ጊዜ የሚመሩትን ካቢኔ ሲያስተዋውቁ እንዳስታወቁት፣ የመንግሥት ጨረታዎችን አሸናፊ የመወሰኑ ሥራ ከሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች እጅ ደረጃ በደረጃ ወጥቶ ለዚህች ፕሮግራም ይሰጣል። በዚህም የአገሪቱ ጨረታ መቶ በመቶ ከሙስና የጸዳ እንደሚሆን ቃል ገብተዋል። ወሬው በአንድ ቀን ዓለምን አዳረሰ። ከፊሉ ሳቀ፤ ከፊሉ አደነቀ።

ለነጋዴው ግን ነገሩ ከሳቅም ከአድናቆትም ያለፈ ነው። በየትኛውም አገር ከመንግሥት የሚበልጥ ገዢ የለም። በበለጸጉት የኦኢሲዲ አባል አገሮች የመንግሥት ግዥ ከጠቅላላው የአገር ውስጥ ምርት ከ12 በመቶ በላይ እንደሚይዝ የድርጅቱ አኃዞች ያሳያሉ። ከመንገድ ሥራ ተቋራጭ እስከ ጎማ አስመጪ፣ ከማተሚያ ቤት እስከ የደንብ ልብስ ሰፊ፣ ከመድኃኒት አከፋፋይ እስከ የጽሕፈት መሣሪያ ቸርቻሪ ድረስ የብዙው ነጋዴ የዓመት ሒሳብ የሚዘጋው በጨረታ ነው። አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ወደዚህ ገበያ መግባቱ አሁን አዲስ ዜና አይደለም። ጥያቄው ማሽኑን ማን ያዘዋል፣ ሲሳሳትስ ማን ይጠየቃል የሚለው ነው።

ሚኒስትሯና ሠሪዎቿ

ዲየላ ሥራ የጀመረችው በሚኒስትርነት አልነበረም። በ2025 መጀመሪያ ላይ «ኢ-አልባኒያ» በተባለው የመንግሥት አገልግሎት መስጫ ድረ ገጽ ዜጎች የሚፈልጉትን የምስክር ወረቀት በድምፅ ጠይቀው እንዲያገኙ የምትረዳ አስተናጋጅ ነበረች። የሠራት የአገሪቱ የኢንፎርሜሽን ኅብረተሰብ ኤጀንሲ ከማይክሮሶፍት ኩባንያ ጋር በመተባበር ነው። መልኳ የአንዲት ታዋቂ ተዋናይት ሲሆን የለበሰችውም የአገሩን ባህላዊ ልብስ ነው።

ከሹመቱ በኋላ በፓርላማው ስክሪን ላይ ቀርባ ንግግር ስታሰማ ተቃዋሚዎች አዳራሹን በጩኸት አናጉት። ሹመቱ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል የሚል ክርክርም አነሱ። በሕግ በኩል የተገኘው መፍትሔ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ባወጡት ድንጋጌ ለዲየላ መቋቋምና አሠራር ኃላፊነቱ የተሰጠው ለራሳቸው ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። በሌላ አነጋገር ማሽኗ ትወስናለች ቢባልም ፊርማውና ተጠያቂነቱ ከሰው ትከሻ አልወረደም።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ከሹመቱ ሦስት ወር ገደማ በኋላ፣ በዲሴምበር 2025፣ የአገሪቱ ልዩ የፀረ ሙስና ዐቃቤ ሕግ ዲየላን የሠራውን የዚያኑ ኤጀንሲ ከፍተኛ ኃላፊዎች በጨረታ ማጭበርበር ጠርጥሮ በቁም እስር እንዲቆዩ አስደረገ። ጉዳዩ የጥርጣሬ እንጂ የፍርድ ጉዳይ አይደለም። የጨረታን ማሽን የሚሠራው መሥሪያ ቤት ራሱ በጨረታ ገዢ መሆኑን ግን ለዓለም አሳይቷል። ማሽኑ ጉቦ አይበላም ማለት ማሽኑን የሚያዘው ሰው አይበላም ማለት አይደለም።

«ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ» እንደሚባለው የጨረታ ነገር ሥሩ ያለው ፖስታው ከመከፈቱ በፊት ነው። ለአንድ አቅራቢ ብቻ ልክ ሆኖ የተሰፋ የዕቃ ዝርዝር፣ ለአንድ ተቋራጭ ብቻ የሚመጥን የልምድ መስፈርት፣ የበዓል ዋዜማ ላይ ወጥቶ በጥቂት ቀናት የሚዘጋ ማስታወቂያ ከተዘጋጀ በኋላ ማሽኑ ነጥብ በትክክል ቢደምር ውጤቱ አይለወጥም። የተጣመመውን መስፈርት ያለ አድልዎ ይሠራበታል፤ ከዚያም ውጤቱ «ኮምፒዩተሩ ነው ያለው» የሚል ማኅተም ያገኛል።

ማሽኑ የሚያየው

ይህ ሲባል ማሽኑ ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። እስካሁን ፍሬ ያሳየው ግን በአሸናፊ መራጭነት ሳይሆን በዘበኝነት ነው።

ደቡብ ኮሪያ የመንግሥት ግዥዋን በኤሌክትሮኒክ ሥርዓት ያደረገችው እ.ኤ.አ. በ2002 ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2006፣ የአገሪቱ የፍትሐዊ ንግድ ኮሚሽን በዚያ ሥርዓት የተጠራቀመውን መረጃ እየመረመረ ለእያንዳንዱ ጨረታ የጥርጣሬ ነጥብ የሚሰጥ ፕሮግራም ሥራ ላይ አዋለ። ፕሮግራሙ ያሸነፈው ዋጋ ከመሥሪያ ቤቱ ግምት ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ፣ ስንት ተጫራች እንደቀረበና ጨረታው በውድድር ነው ወይስ በተገደበ መንገድ የወጣው የሚሉትን ያያል። ነጥቡ ከፍ ያለ እንደሆነ ጉዳዩ ወደ መርማሪዎች ይመራል።

በብራዚል የፌዴራሉ ኦዲት ፍርድ ቤት «አሊስ» የሚል ስም የተሰጠው ፕሮግራም ይጠቀማል። አሊስ በየዕለቱ የሚወጡ የመንግሥት የጨረታ ማስታወቂያዎችንና ሰነዶችን አንብቦ አጠራጣሪ ሆኖ ያገኘውን ለኦዲተሮች ያሳውቃል። ሰነዱ የሚነበበው ጨረታው ገና ሳይከፈት በመሆኑ የተጣመመ መስፈርት ውል ከመፈረሙ በፊት ሊያዝ ይችላል። ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ከሚደረግ ክስ ይልቅ ይህ እጅግ ርካሽ ነው።

በዩክሬን ደግሞ ከ2016 ጀምሮ የመንግሥት ግዥ «ፕሮዞሮ» በተባለ ለሕዝብ ክፍት በሆነ ሥርዓት ይካሄዳል። መርሑ ሁሉም ሁሉን ያያል የሚል ነው። በ2018 የትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናል የዩክሬን ቅርንጫፍ ይህን መረጃ የሚያነብ ፕሮግራም አሠራ። ፕሮግራሙን ለማሠልጠን 20 ያህል ባለሙያዎች 3,500 ገደማ ጨረታዎችን ሲመረምሩ የገዢውም ሆነ የተጫራቾቹ ስም ተሰውሮባቸው ነበር። እንዲመልሱ የተጠየቁት «ይህ ጨረታ ያጠራጥራል ወይስ አያጠራጥርም?» የሚለውን ብቻ ነው። ማሽኑ የተማረው ከእነዚህ ሰዎች ፍርድ ነው።

ማሽኑ እንዴት እንደሚያይ ለመረዳት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ መሥሪያ ቤት የ10 ሚሊዮን ብር ግምት ላለው ሥራ ጨረታ አወጣ እንበል። ሦስት ተጫራቾች 9,800,000 ብር፣ 10,290,000 ብርና 10,780,000 ብር አቀረቡ። ለኮሚቴው ሦስት የተለያዩ ዋጋዎች ናቸው፤ ዝቅተኛውን መርጦ ቃለ ጉባኤውን ይፈርማል። ማሽኑ ግን ሁለተኛው ዋጋ የመጀመሪያው ላይ 5 በመቶ፣ ሦስተኛው ደግሞ 10 በመቶ የተጨመረበት መሆኑን ወዲያው ያገኛል። ሦስቱ ነጋዴዎች ለየብቻቸው አስልተው እንዲህ ባለ ልክ ሊገጥሙ መቻላቸው እጅግ ያጠራጥራል። ወደኋላ ተመልሶ ባለፉት ጨረታዎች ሦስቱ በተራ ሲያሸናንፉ እንደነበር፣ የተሸነፈው በንዑስ ተቋራጭነት ሥራውን ሲካፈል እንደነበርም ሊያወጣ ይችላል።

ኦኢሲዲ በ2009 ባወጣው መመሪያ ላይ ከተዘረዘሩት የመመሳጠር ምልክቶች መካከል በተለያዩ ተጫራቾች ሰነድ ላይ ተመሳሳይ የፊደል ስህተትና ተመሳሳይ የሒሳብ ስህተት መገኘት ይጠቀሳል። ይህን ለመለየት የሰው ዓይን በቂ ነው፤ ችግሩ የአሥር ዓመት ሰነድ ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያነብ ሰው አለመኖሩ ነው። ማሽኑ የሚያሸንፈው በብልህነቱ ሳይሆን ባለመሰልቸቱና ባለመርሳቱ ነው።

የእኛ አገር ነጋዴ በዚህ ቦታ ላይ የሚያስታውሰው አንድ ነገር አለ፤ «ሦስት ፕሮፎርማ»። አነስተኛ ግዥ ሲፈጸም ቢያንስ ሦስት የዋጋ ማቅረቢያ ይሰብሰብ ሲባል አንዱ ነጋዴ የራሱን ሞልቶ የቀሩትን ሁለቱን ከወዳጆቹ ማኅተም አስመትቶ ማምጣቱ በገበያው የተለመደ ነው። ወረቀቶቹ በሦስት የተለያዩ ማኅደሮች ተበታትነው እስከተቀመጡ ድረስ ማንም አያገናኛቸውም። ወደ ኮምፒዩተር የገቡ ዕለት ግን የማን ፕሮፎርማ ከማን ጋር ሁልጊዜ አብሮ እንደሚመጣ ለማወቅ የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ከመቶ አሥራ ስድስት

የማሽኑ ዓይን ስለታም ቢሆንም አይሳሳትም ማለት አይደለም። በስዊዘርላንድ በኮንስትራክሽን ጨረታዎች ላይ ተመሥርቶ በ2019 የታተመ የሁለት ኢኮኖሚስቶች ጥናት እንደሚያመለክተው፣ ያሠለጠኑት ፕሮግራም ከመቶ ጨረታዎች 84ቱን ምስጢራዊ ስምምነት ያለበት ወይም የሌለበት ብሎ በትክክል ለይቷል። ይህ ትልቅ ውጤት ነው። የቀሩት 16ቱስ?

ሒሳቡን ወደ ገበያ አውርደን እንየው። በአንድ ዓመት 1,000 ጨረታዎች ተካሂደው ምስጢራዊ ስምምነት ያለባቸው 50 ብቻ ናቸው እንበል። ማሽኑ በሁለቱም ወገን 84 በመቶ ልክ ነው ብንል ከ50ዎቹ 42ቱን ይይዛል። ንጹሕ ከሆኑት 950 ውስጥ ደግሞ 16 በመቶውን፣ ማለትም 152ቱን፣ ያለ ጥፋታቸው ይጠረጥራል። በጠቅላላው 194 ጨረታዎች ቀይ ምልክት ሲደረግባቸው ከእነዚህ ውስጥ አብዛኞቹ፣ ከአራት ሦስት እጅ በላይ የሚሆኑት፣ ንጹሐን ናቸው ማለት ነው።

ከዚህ የምንረዳው ቀይ ምልክት የምርመራ መጀመሪያ እንጂ የፍርድ መጨረሻ ሊሆን እንደማይገባ ነው። በኮሪያም ሆነ በብራዚል ከማሽኑ ቀጥሎ የሚቀመጠው ሰው ነው። ምልክቱ በቀጥታ ወደ ውድቅ ማድረግ ወይም ወደ እገዳ የሚወስድ ከሆነ ግን ዋጋውን የሚከፍለው አነስተኛው ነጋዴ ነው። ትልቁ ኩባንያ ጠበቃ ቀጥሮ ይከራከራል። አምስት ሠራተኛ ያለው ማተሚያ ቤት ግን ለጨረታ ማስከበሪያ ያስያዘው ሲፒኦ ታግቶበት፣ የባንክ ወለዱ እየቆጠረበት፣ ለምን እንደወደቀ እንኳን የሚነግረው አያገኝም። የኮሚቴ አባል ቢበድለው ስም ጠርቶ ያመለክታል፤ ማሽን ቢበድለው የማንን ስም ይጠራል?

ተጫራቹም ማሽን ይዟል

ለውጡ በገዢው ወገን ብቻ የቆመ አይደለም። ቀድሞ ሳምንት የሚፈጀውን የቴክኒክ ሰነድ ዛሬ ተጫራቹ በአንድ ከሰዓት በኋላ በኮምፒዩተር ያስጽፈዋል። የእንግሊዝ መንግሥት በማርች 2024 ባወጣው መመሪያ ተጫራቾች በዚህ መሣሪያ መጠቀማቸውን አልከለከለም፤ ገዢ መሥሪያ ቤቶች ግን መጠቀም አለመጠቀማቸውን ሊጠይቁ እንደሚችሉ፣ የሚቀርበው ሰነድ ብዛትም ሊጨምር እንደሚችል አስገንዝቧል። ሁሉም ሰነድ ያማረ በሚሆንበት ጊዜ ማማር ዋጋ ያጣል። ገምጋሚው ከቃላቱ ይልቅ ወደ ተረጋገጠ የሥራ ልምድ፣ ወደ ባንክ ሒሳብና ወደ ተጠናቀቀ ሥራ ማስረጃ ማዘንበሉ አይቀርም።

ማሽኑ የሚጽፈውን ሳያረጋግጡ ማቅረብ የሚያስከትለው ኪሳራም መታየት ጀምሯል። በአሜሪካ የጨረታ አቤቱታዎችን የሚመለከተው የመንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ በ2025 በቀረቡለት አቤቱታዎች ላይ ፈጽሞ ያልተሰጡ ውሳኔዎች እንደ ማስረጃ ተጠቅሰው አግኝቷል። በመጀመሪያ አስጠነቀቀ፤ በዚያው ዓመት ድርጊቱን የደጋገመን አንድ አመልካች ደግሞ የአቤቱታ ሥርዓቱን አላግባብ ተጠቅሟል ብሎ መዝገቡን ዘጋበት።

በአውስትራሊያ ደግሞ ደሎይት የተባለው ታዋቂ የማማከር ኩባንያ ለአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ባስረከበው የ440,000 የአውስትራሊያ ዶላር ጥናት ውስጥ የሌሉ መጻሕፍትና ጽሑፎች በዋቢነት ተጠቅሰው ተገኙ። ኩባንያው በጥናቱ ዝግጅት በአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ መጠቀሙን ገልጾ በኦክቶበር 2025 ከክፍያው ከፊሉን ለመመለስ ተስማማ። በዓለም የታወቀ ስም ያለው ድርጅት እንዲህ ከሆነ ስሙን ገና በመገንባት ላይ ያለ ተጫራች ምን ያህል መጠንቀቅ እንዳለበት መገመት አያዳግትም።

የእኛው ገበያ

በኢትዮጵያ የጨረታ ገበያ ለረጅም ዘመን የኖረበት ሥርዓት ለሁሉም የታወቀ ነው። ማስታወቂያው በአዲስ ዘመን ይወጣል፤ ሰነዱ የማይመለስ ብር ተከፍሎ ይገዛል፤ «ኦሪጅናል» እና «ኮፒ» ተብሎ በሰም በታሸገ ፖስታ ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ ተጫራቾች ወይም ሕጋዊ ወኪሎቻቸው በተገኙበት ይከፈታል። በዚህ ሥርዓት ዙሪያ የራሱ ገበያ በቅሏል። የመሥሪያ ቤቱን ግምት አውቃለሁ የሚለው ደላላ፣ ፈቃድ የሚያከራየው፣ ለአጃቢነት ብቻ የሚጫረተው ሁሉ የሚኖረው ወረቀት ስለሚበተንና ስለሚረሳ ነው።

አሁን በፌዴራል ደረጃ ግዥው ወደ ኤሌክትሮኒክ ሥርዓት ተሸጋግሯል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት የግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1333ም ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ የነበረውን አዋጅ ቁጥር 649 ተክቷል። የኤሌክትሮኒክ ግዥ በራሱ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ አይደለም። ሆኖም ማሽን የሚያነበው መዝገብ የሚፈጠረው በእርሱ ነው። ኮሪያ ከ2002 እስከ 2006 የተጓዘችው ይህንኑ መንገድ ነበር፤ መጀመሪያ መዝገብ፣ ቀጥሎ መዝገቡን የሚያነብ ዘበኛ። ዛሬ በሥርዓቱ ውስጥ የሚገባ እያንዳንዱ ዋጋ ነገ በማሽን የሚነበብ ታሪክ ነው።

ስለዚህ ነጋዴው ከወዲሁ ሊያስብባቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው የዋጋ ስሌቱን በጽሑፍ ይዞ ማቆየት ነው። ዋጋው ከሌላው ጋር ተመሳስሎ ቢገኝ «እንዴት ደረስክበት?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ የዕቃ መግዣ ደረሰኝ፣ የትራንስፖርት ሒሳብና የትርፍ ህዳግ ነው። ሁለተኛው ፈቃድንና ማኅተምን ለወዳጅ ጨረታ ማዋስን መተው ነው፤ ውለታው ለአንድ ቀን ሲሆን መዝገቡ ግን ለዓመታት ይኖራል። ሦስተኛው ዋጋንና የንግድ ምስጢርን ለሁሉም ክፍት በሆኑ የኢንተርኔት ማሽኖች ላይ ከመጻፍ መቆጠብ ነው። አራተኛው የአቤቱታ ጊዜን አለማሳለፍ ነው። ጨረታ ላይ የሚቀርብ ቅሬታ በቀናት የሚቆጠር ዕድሜ እንዳለው አይዘነጋም።

በመንግሥት በኩልም ማሽኑ ሥራ ላይ ከመዋሉ አስቀድሞ መልስ የሚሹ ጥያቄዎች አሉ። ተጫራቹ የወደቀበትን ምክንያት ሰው በሚገባው ቋንቋ ያገኛል ወይ? ቀይ ምልክት የተደረገበት ነጋዴ ከመታገዱ በፊት ይሰማል ወይ? ማሽኑ የተጫራቹን ዋጋ ብቻ ነው የሚመረምረው ወይስ የገዢውን መሥሪያ ቤት የዕቃ ዝርዝር መግለጫም ይመረምራል? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል። ነጋዴውን ብቻ የሚያይ ዘበኛ በር ላይ ቆሞ ጓዳውን የማያይ ዘበኛ ነውና።

የአልባኒያው ሹመት ብዙ ቢያስቅም ለገበያው አንድ ትምህርት ትቶ አልፏል። በጨረታ ሥራ ላይ ማሽን ማስገባት ይቻላል፤ አስፈላጊም ነው። ከውሳኔው ግርጌ ግን የሚከሰስ፣ የሚጠየቅና መልስ የሚሰጥ ሰው ስም ሊኖር ይገባል። ያ ስም የሌለበት ጨረታ ኮሚቴው በሰም ካሸገው ፖስታ ይልቅ የታሸገ ነው።